በረመዳን የተውኩት የጉበት ክኒን

መቼ እንደጀመረኝ ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይመስለኛል። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ባለችው የስፌት ሱቄ አንድ ሱሪ ሳልጨርስ ይደክመኝ ጀመር። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ሽንቴ የሻይ መልክ ሲይዝ ግን ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደሜ ተመረመረ። ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው ተባልኩ።

ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘችልኝ፤ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር። በቀን አንዴ፣ ለሦስት ወር።

«አባባ፣ ራስ ምታትና ድካም ሊኖር ይችላል። አንድም ቀን እንዳያቋርጡ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ወር ደህና አለፈ። ረመዳን ሲገባ ክኒኑን ሱሁር ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ በምንበላው ምግብ፣ እየዋጥኩ ጾምኩ። ለሐኪሟ አልነገርኳትም፤ ጾሜ እሷን ምን አገባት ብዬ። ራሴን ፈለጠኝ። አፌ ደረቀ። አቅለሸለሸኝ። በአምስተኛው ቀን ክኒኑን ተውኩት። ጾሙን አልተውኩም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ክኒኑን በተውኩ በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ የክኒኑን ብልቃጥ ገልብጣ ቆጠረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከማን ተደብቀህ ነው? ከጉበትህ?»

የዚያኑ ቀን ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ አልተቆጣችም።

«ያመለጠው አመለጠ። ዛሬውኑ ይቀጥሉ። ራስዎን የሚያምዎት ክኒኑ ብቻ አይደለም፣ የውሃ ጥሙም ነው። ስለ ጾሙ ኡስታዝዎን ይጠይቁ፤ ስለ ክኒኑ ግን እኔን።»

ኡስታዙ ሳቀብኝ። «አባባ፣ ታማሚ ጾሙን አፍጥሮ ሲድን ቀኑን ይተካል። ይህን ዛሬ ነው የሚሰሙት?»

ጾሙን አቆየሁት። ምግብ ቀመስ አድርጌ፣ ውሃ በደንብ እየጠጣሁ ስውጠው ራስ ምታቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ ድካሙ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አልተለየኝም። ክኒኑን ከጨረስኩ በኋላ ቫይረሱ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ሌላ ሦስት ወር መጠበቅ ነበረብኝ። ያቺ ሁለት ቀን ብታጠፋኝስ እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ ለምርመራ ሄድኩ።

«ቫይረሱ የለም» አለች ሐኪሟ። ደግማ እንድትነግረኝ ለመንኳት።

ክኒኑን የጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሲያማችሁ አትደብቁ፣ በራሳችሁም አታቁሙ፤ የምትጾሙም ከሆነ፣ ሌላ መድኃኒት ወይም ቅጠላ ቅጠል የምትወስዱም ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ አላህ ይመስገን ድኛለሁ። ያፈጠርኳቸውንም ቀኖች ብርድ ሲገባ ተካሁ፤ ባለቤቴ አንድም የምትተካው ቀን ሳይኖርባት «ብቻህንማ አትጾምም» ብላ እስከ መጨረሻዋ ቀን አብራኝ ጾመች። ከድጃ ትባላለች።