ጎብጦ የሚሸከም ትራስ

በየክልሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በሚከፈቱበት ዘመን፣ የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሆኜ ለፋሲካ ዕረፍት ላሊበላ ስገባ አባቴን ቤት አገኘኋቸው። ቄስ ናቸው፤ በሕማማት ቤት ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ቆመው ሲያገለግሉ የሚደገፉት መቋሚያ ብብታቸውን አቁስሎት ኖሯል።

“ዘንድሮ ስቅለትን ከደካሞቹ ጋር ደጅ እቀመጣለሁ” አሉኝ።

እኔ ግን መላ ነበረኝ። መምህራችን ስለ ምሰሶ መጉበጥ አስተምረውናል። ምሰሶ ከጎበጠ ቤት ይፈርሳል፤ መሐንዲስም ይህን ይፈራል። ነገር ግን ለስላሳ ጎማ ላይ ቀዳዳ በተርታ ብናወጣ፣ በመካከል የሚቀሩት ስስ ግድግዳዎች ትንንሽ ምሰሶዎች ይሆናሉ። ክብደቱ ቀላል ሲሆን ቀጥ ብለው ይሸከማሉ፤ ሲበዛ አብረው ይጎብጡና ጎማው ይረግባል፤ ክብደቱ ሲነሣ ተመልሰው ይቆማሉ። መጉበጡን አስበን ከሠራንበት ዕቃው ራሱን ከሚጫነው ጋር ያስማማል።

የአሮጌ ነጠላ ጫማ ወፍራም ሶል ቆርጬ፣ ጎኑን በጋለ ብረት በስቼ፣ በጨርቅ ሰፍቼ መቋሚያው ራስ ላይ አሰርኩት። በመዳፌ ስጫነው ረገበ፤ ስለቀው ተመለሰ።

ጎረቤታችን መሪጌታ አይተው ሳቁ። “መምሬ፣ ልጅዎ ትራስ ሰፋችልዎ? ስቅለትን ተኝተው ሊያሳልፉ ነዋ።”

“እርስዎ ያለ ትራስም ይተኙ የለ” አሉ አባቴ።

ሲደገፉት ግን ትራሱ ወደ አንድ ጎን ተኛ፤ እንጨቱ ቁስሉን ነካው። ፊታቸው ተጨማደደ። ስሕተቱ ወዲያው ገባኝ። እኔ የሞከርኩት ቀጥ አድርጌ ወደ ታች በመጫን ነው። ካህን እንዲያ አይደገፍም፤ ዘንበል ብሎ አንድ እግሩን ያሳርፋል፣ ሲደክመው ወደ ሌላው ይዞራል። ይህን ከልጅነቴ እያየሁ አድጌ ረሳሁት። ቀዳዳዎቹ ሁሉ አቅጣጫቸው አንድ ስለነበር ግድግዳዎቹም አብረው ወደቁ።

“አባባ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ።”

“ስቅለት እስኪደርስ ውሰጂው” አሉኝ።

ሶሉን በአራት ቆርጬ እንደ ዳማ ገበታ ጎን ለጎን ደረደርኩት፤ የአንዱ ቀዳዳ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ የአጠገቡ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንዱ በሚደክምበት በኩል ሌላው ይበረታል።

የስቅለት ዕለት በሴቶች ወገን ቆሜ አየኋቸው። መቋሚያውን ተደግፈው መጽሐፍ ያነባሉ። ዘንበል ሲሉ ትራሱ ይረግባል፤ ቀና ሲሉ ይነሣል። ቀኑ ሲጋመስ አንድ ዲያቆን በርጩማ አምጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። አባቴ በእግራቸው ገፋ አድርገው ከኋላቸው ለቆሙት አረጋዊ ቄስ አሳለፉት፤ ንባባቸውንም ቀጠሉ።