ሳልጠየቅ የተወጋሁት መርፌ

መርፌውን የወጉን እዚያው መረብ የምንሠራበት መጋዘን ውስጥ ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ጫፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቤት ነበር። በደርግ ጊዜ የሴቶች መረብ ሠሪዎች ማኅበር ተብለን ተደራጀን፤ ናይለን ክር ይመጣልናል፣ እኛ እንቋጥራለን፣ ዓሣ አጥማጆች ይወስዱታል። ክሩ ጣት ይቆርጣል፣ መቀመጡ ወገብ ይሰብራል፤ ቢሆንም ሥራውን እወደው ነበር። ሴቶች ብቻ ተሰብስበን ስለ ባሎቻችን የምንስቅበት ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ዞር ዞር ብሎ ሳያይ የሚስቅበት ቦታ ብዙ አልነበረም።

የሴቶች ማኅበር ይባል እንጂ ሊቀ መንበራችን ወንድ ነው፤ ከቀበሌ የተመደበ ካድሬ። አንድ ጠዋት አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ አስከትሎ መጣና አስቆመን።

«ጓዶች፣ መንግሥታችን ለእናቶች ጤና በሰጠው ትኩረት መሠረት ለማኅፀን ጤና የሚሆን መርፌ መጥቶላችኋል። በየሦስት ወሩ ትወጋላችሁ። ሐኪሙም እየመጡ ያዩዋችኋል።»

ሐኪሙ ምንም አላሉም። ቀጭን፣ ጠይም፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ሥራ እንደሚቸኩልበት ሰው እኛን አልፎ ይሄድ ነበር። እኛም ምንም አልጠየቅንም። ክንዳችንን ገልጠን ተሰለፍን።

እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ልጅ። የተወለድሁት ደልጊ ነው፣ አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ባሕር ዳር የመጣሁት ባል አግብቼ ነው። ባለቤቴ በሐይቁ ላይ በሚመላለሰው ጀልባ የሞተር ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ደልጊና ጎርጎራ ሄዶ ሲመለስ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የመጀመሪያ ልጃችን ከረጅም ምጥ በኋላ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውነቴ እስኪጠና ጠበቅን። ጠንቶ፣ እንግዲህ እንሞክር ባልንበት ሰሞን ነው መርፌው የመጣ።

በወሩ የወር አበባዬ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ለባለቤቴ ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወጣና ግቢውን ዞሮ ተመለሰ፤ ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት፤ ባለቤታቸው ቄስ ነበሩ፣ ሲሞቱባቸው መንኩሰው እማሆይ ሆኑ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውኃ እንዳልሸከም ከለከሉኝ። ቤታችን ዓባይ ማዶ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ድልድዩን አቋርጬ ሥራ እገባለሁ። «ቀስ እያልሽ ሂጂ፣ ወታደሮቹም ቢጮሁብሽ አትሩጪ» ይሉኛል፣ ደጃፍ ላይ ቆመው። ድልድዩን የሚጠብቁት ወታደሮች ቆም ያለ ሰው አይወዱም፤ እኔ ደግሞ መሀሉ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ውኃውን ማየት እወድ ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ ደም አየሁ። ጥቂት ነው፣ ጠብ ጠብ የሚል። ይኸኛውንም ላጣው ነው ብዬ በዚያው እግሬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ያገኘሁት ያችን መርፌ የወጋችንን ነርስ ነው። አስተኝታ ሆዴን ነካካች፣ ጠየቀችኝ፣ መረመረችኝ። ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«እርጉዝ አይደለሽም» አለችኝ።

«የወር አበባዬ ቀርቶ የለ እንዴ?»

«መርፌው ነው ያስቀረው። ደሙም ከእሱ ነው። እርግዝና የሚከለክል መርፌ ነው። አልነገሯችሁም?»

«ማን ይነግረናል? የወጋሽን አንቺ አይደለሽ?»

አንገቷን ደፋች። ሊቀ መንበሩ ለሐኪሙ አስረድቻቸው ተስማምተዋል እንዳላቸው፣ ሐኪሙ ጥናት እያካሄዱ እንደሆነ፣ በእያንዳንዷ ሴት ላይ መድኃኒቱ ምን እንደሚያመጣ እየተከታተሉ እንደሚያዩ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። መድኃኒቱ እንደማይገድል፣ ሲለቅ ማርገዝ እንደምችል፣ ግን መቼ እንደሚለቅ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩ ልዩ እንደሆነም ነገረችኝ። ሰማኋት። ከአልጋው ወርጄ ነጠላዬን ለበስሁ። አለቀስሁ ብል ውሸት ነው። ፊቴ ሁሉ ተቃጠለ እንጂ እንባ አልመጣም።

ማታ ለሁለቱም ነገርኋቸው። እማሆይ መጀመሪያ የተጠራጠሩት እኔን ነው።

«አንቺ ፈልገሽ ተወግተሽ ይሆን?»

«እማሆይ፣ ልጄ ሲገነዝ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ። እኔ ነኝ ይኸን የምፈልግ?»

ከዚያ በኋላ ስለ እኔ አንድም ጊዜ ክፉ አላሰቡም። ባለቤቴ ግን ፈራ። «በእግዚአብሔር ዝም በይ» አለኝ። «መርፌው ይለቃል ብላሻለች። ከካድሬ ጋር ብትጋጪ ግን አይለቁሽም።»

«የተወጋሁት እኔ ነኝ። ዝም የምለውም እኔ ስፈልግ ነው» አልሁት።

በማግሥቱ አጠገቤ ተቀምጣ መረብ ለምትሠራው ጓደኛዬ ነገርኋት። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፣ እስላም፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ቤቷ በልጅ የተሞላ ነው። ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

«እኔ እኮ ይኸን ነገር ስፈልገው የኖርሁ ሰው ነኝ!» አለች። «ከመጨረሻው ልጄ ወዲህ ሌላ እንዳይመጣ አላህን እለምናለሁ። ቢነግሩኝ ሮጬ ነበር የምመጣ። እንግዲያ ለምን እንደ ከብት ይወጉኛል?»

እሷ የፈለገችውን፣ እኔ ያልፈለግሁትን፣ ለሁለታችንም ሳይነግሩ ሰጡን። ከዚያ ወዲያ ስለ መድኃኒቱ ደግነትና ክፋት ማንም ቢያወራኝ መልሴ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የውይይት ክበብ ነበረን። መፈክር ይባላል፣ ግራ እጅ ይነሣል፣ ሊቀ መንበሩ ያነብባል፣ እኛ እንቅልፋችንን እንታገላለን። መጨረሻ ላይ «አስተያየት ያለው?» ይላል፤ ማንም አስተያየት የለውም። የዚያን ቀን እጄን አነሣሁ። መጀመሪያ አላየኝም፤ እጅ ይነሣል ብሎም አልጠበቀም።

«ጥያቄ አለኝ» ብዬ ቆምሁ። «የወጋችሁን መርፌ ምንድን ነው?»

«ጓዲት፣ ተብራርቷል። ለማኅፀን ጤና ነው።»

«እርግዝና የሚከለክል ነው። ነርሷን ጠይቄያለሁ። ለምን አልነገራችሁንም?»

ሴቶቹ አንዷ ወደ አንዷ ዞሩ። ከኋላ አንዲቷ «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ፤ እሷም እንደ እኔ የወር አበባዬ ቀረ ብላ ደስ ብሏት የከረመች ሙሽራ ነበረች።

«ተቀመጪ!» አለኝ።

«ሲመለስልኝ እቀመጣለሁ።»

«ይኸ በጤና ዘመቻው ላይ የሚነዛ የፀረ ሕዝብ አሉባልታ ነው! ተቀመጪ አልሁ!»

አልተቀመጥሁም። ጓደኛዬ ከጎኔ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ከዚያ ሙሽራይቱ ተነሣች። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ሰበሰበና ስብሰባው አልቋል ብሎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ቦታ ወሰዱኝ። የቀበሌው እስር ቤት የድሮ ባለ ጸጋ እህል ቤት የነበረ ጨለማ ክፍል ነው፣ አሁንም ጤፍ ጤፍ ይላል። ሊቀ መንበሩ እየመጣ ያነጋግረኛል። ሁልጊዜም አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆመሽ ተሳስቻለሁ በይ፣ ራስሽን ሂሺ፣ ትወጫለሽ።

«ምኑን ነው የተሳሳትሁት?» እለዋለሁ። «መርፌው እርግዝና አይከለክልም?»

«ጉዳዩ እሱ አይደለም!»

«የእኔ ጉዳይ እሱ ነው።»

እማሆይ ደግሞ ከቀበሌው በር አልጠፋ አሉ። ዳዊታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሊቀ መንበሩ ሲወጣ ሲገባ ተነሥተው እጅ ይነሡታል። «ልጄን ፍታልኝ አልልህም» ይሉታል። «ያ የወጋችኋት ምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ ሰምቼ ልሂድ።» ዘበኛው ሊያባርራቸው ሲል «አንተንስ የወለደችህ የእናት ማኅፀን አይደለም?» ብለው አሳፈሩት። ዘበኛው ራሱ በኋላ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ባለቤቴም ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ከጀልባ እንደወረደ ምግብ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ «እንዳትቀመጪ» አለኝ፤ በስብሰባው ላይ የሆነውን ሰምቶ ኖሯል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አልነገረኝም።

ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እኔ እስር ቤት ሳለሁ የሁለተኛው ዙር መርፌ ቀን ደረሰ። ሐኪሙና ነርሷ ወደ መጋዘኑ መጡ። ሊቀ መንበሩ «ተሰለፉ» አለ። ሴቶቹ መረባቸውን መቋጠር ቀጠሉ። ደግሞ ጮኸ። አንድም ክንድ አልተገለጠም። ሐኪሙ ግራ ተጋብተው «ምን ሆናችሁ?» ሲሉ ጓደኛዬ ሥራዋን ሳታቋርጥ መለሰች።

«መጀመሪያ ያሰራችኋትን ፍቱ። ከዚያ የምትወጉን ምን እንደሆነ ንገሩን። ከዚያ እናስብበታለን።»

ሐኪሙ መታሰሬን አያውቁም ነበር። ይኸን አምናቸዋለሁ። ከማን ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ በዚያው ዕለት ተፈታሁ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ድረስ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ።

«በጣም አዝናለሁ» አሉ። «ሊቀ መንበሩ ነግሬያቸዋለሁ ብሎኛል።»

«እርስዎስ? ፊታችን ቆመው አልነበረም እንዴ? ምን ብሎ እንደነገረን ሰምተዋል።»

«እውነቱን ብናገር ሴቶቹ ይፈሩና ይቀራሉ ብዬ ሠጋሁ። ከቀሩ ጥናቱ ይበላሻል። ጥናቱ ደግሞ በወሊድ የሚሞቱ እናቶችን የሚያድን ነው።»

«እንቅራ!» አልኋቸው። «መቅረት የእኛ ነው። በወሊድ ስለመሞት ለእኔ አይንገሩኝ፣ ደርሼበት ተመልሻለሁ። ነግረውን የቀረች ትቅር። ይኸን ደግሞ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይንገሩ፣ እዚያው በወጉን ቦታ።»

መጡ። ይኸን አልክድባቸውም፤ በእሳቸው ቦታ ቢሆን ብዙ ሰው አይመጣም ነበር። መጋዘኑ ውስጥ በመረብ ክምር መሀል ቆመው መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ፣ ወር እንደሚያስቀር፣ ደም ሊያንጠባጥብ እንደሚችል፣ ማርገዝን እንደሚያዘገይ፣ ምን ገና እንደማያውቁም ጭምር በቀላል አማርኛ ተናገሩ። ሴቶቹ ጠየቁ። ጡት የምታጠባ ትወጋለች ወይ? ባል ሳያውቅ ይሆናል ወይ? በጾም ወቅትስ? ሊቀ መንበሩ በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል። ጓደኛዬ ሁሉን ሰምታ ስታበቃ ክንዷን ገለጠች፤ ደስ ብሏት ነው የተወጋች። ሌሎችም ተወጉ። ሙሽራይቱና ሌሎች ደግሞ ነጠላቸውን ጠቅልለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ማንም ምንም አላላቸውም።

ሲጨርሱ ሐኪሙ ወደ እኔ መጡ። «ሁለተኛውን አንወጋሽም» አሉኝ። «ግን የወር አበባሽ መቼ እንደሚመለስ ብናውቅ ለሌሎች ሴቶች ይጠቅማል። በየወሩ እየመጣሽ ብናይሽ ፈቃደኛ ነሽ?»

«አሁን ጠየቁኝ» አልሁ። «መልሴ እምቢ ነው።»

ሊቆጡ ነው ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁና «ይሁን» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ግን አልረሳልኝም። ብዙም ሳይቆይ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ብሎ ከማኅበሩ አስወጣኝ። ክር እቤቴ አስመጥቼ ዓባይ ማዶ በራችን ላይ ተቀምጬ መቋጠር ጀመርሁ፤ ዓሣ አጥማጆቹ በጓሮ እየመጡ ይወስዱልኝ ነበር። እማሆይ ዓይናቸው እየደከመም ቢሆን ክር ይጠቀልሉልኛል።

የወር አበባዬ እስኪመለስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በየወሩ መጠበቁን፣ ባለቤቴ ዓይኔን እያየ ሳይጠይቀኝ ማለፉን አልጽፈውም። በኋላ አረገዝሁ፣ ሴት ልጅ ወለድሁ፣ በሕይወት አለች፣ ሦስት ልጆች አሏት። ይኸን የሰማ ሰው «እንግዲህ ምን ቀረብሽ?» ይለኛል። ልጅ ስለወለድሁ የተደረገብኝ አልተደረገም አይባልም። ያ የጠፋው ጊዜ የእኔ ጊዜ ነበር፤ ሆዱም የእኔ ሆድ ነው።

ጥናቱ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ጤና ቢሮ ሄድሁ። በሰውነታችን የተገኘውን ማወቅ ፈለግሁ። ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች አየኝና ውጤቱ አዲስ አበባ ተልኳል፣ ለእናንተ የሚሆን ነገር አይደለም አለኝ።

«ከእኛ ነው የወጣ» አልሁት። «እንዲመጣልን ጻፉላቸው። ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

ተመለስሁ። ጸሐፊው ሲያየኝ በረጅሙ ተነፈሰና ወንበር አመለከተኝ፤ መልስ ሳላገኝ ላልነሣ ተቀመጥሁ።