ጥርሱ የሞላው ትንሽ በሬ

ዛሬ ሳክሲ የሚባል ቦታ ደርሼ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ አጥር ውስጥ ወገቤ ድረስ ብቻ የሚደርስ በሬ አየሁ። ክው አልኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ስደት ላይ፣ አባባ ከወዳጆቹ ጋር ለፋሲካ የሚካፈለውን የቅርጫ በሬ ሊመርጥ አንድ ከብት አርቢ ዘንድ ሲሄድ፣ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የቀረበለትን ትንሽ በሬ ሲያይ «ጥጃ አናርድም በይው» አለኝ። ሰውዬው ሳቀ። አባባ የበሬውን አፍ ከፍቶ ቢያይ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ያደገ በሬ ነው። ደነገጠ።

«ምን በሽታ ነው ያሳነሰው?»

«እኛ ነን» አለ ሰውዬው በኩራት። «ለብዙ ትውልድ አጭሩን ከአጭር እያዳቀልን። ትንሽ ይበላል፣ አይዋጋም፣ ሥጋውም ለስላሳ ነው።»

ተረጎምኩለት። አባባ እጁን ከበሬው አፍ ቀስ አድርጎ አወጣ።

«እያወቁ?» አለ።

እሷን ቃል ለሰውዬው አልተረጎምኩለትም። ዛሬ በሬው ቀርቦ እጄን ሲልሰኝ፣ ጣቴ ሳላስበው ጥርሱን ፈለገ።