የ2010 ካሴቶች እና የወይዘሮ ሙኒራ ሳንባ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የያኔው አለቃዬ አንድ ጥቁር ካሴት እጄ ላይ አስቀመጠና «ጋሽ ደምሴ፣ ይህ ከወደቀብዎት የሰው ሆድ ዕቃ ወደቀ ማለት ነው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ቦታው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ገና የተከፈተ የግል ሆስፒታል ነበር። ሲቲ ስካኑ ላስቲኩ እንኳን አልተገፈፈለትም ነበር። እኔ ከፋብሪካ ኤሌክትሪሻንነት የመጣሁ፣ ኮምፒውተር ከማብራትና ከማጥፋት ያለፈ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። የመጠባበቂያ ካሴቶች ኃላፊ ተባልኩ። ከኃላፊው በታች ማንም አልነበረም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሲቲ ስካኑ የሚያነሳው ምስል ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ የቆየውን ምስል ወደ ካሴት እንገለብጣለን፣ መለያ እንለጥፍበታለን፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈን እናስቀምጣለን። ሐኪም የድሮ ምስል ሲፈልግ ካሴቱን አውጥተን ድራይቭ የሚባለው ማንበቢያ ውስጥ እናስገባለን።

ሰፈር ውስጥ ግን «ደምሴ ካሴት ቤት ተቀጠረ» ተብሎ ተወራ። አንዱ ጎረቤቴ የሠርግ ዘፈን እንድቀዳለት ለምኖኛል። እምቢ ስለው ተቀየመኝ፤ እስከ ዛሬም ልቡ የተመለሰ አይመስለኝም።

ሥራ አስኪያጁም ከጎረቤቴ ብዙ አይሻልም ነበር። ለካሴት ክፍሉ ኤሲ ስጠይቅ «ሕመምተኛ እየሞቀው ካሴት ይቀዝቅዝ?» አለኝ። «ካሴቱ ውስጥ ያሉትም ሕመምተኞች ናቸው» አልኩት። ጥቂት አሰበና ፈረመልኝ። ከዚያ በኋላ በሐዋሳ የበጋ ሙቀት ግማሹ ሠራተኛ ሰበብ እየፈጠረ እኔ ክፍል ይመጣ ጀመር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ኢንጂነር ሰላማዊት አለቃችን ሆና መጣች። ፈጣን ናት፣ ሥርዓት ትወዳለች፣ ሰው አታመናጭቅም። ከመጣች ወዲህ አዲስ ሰርቨር ተገዛ። ነገር ግን የአሮጌው ሰርቨር ማውጫ በዝውውሩ ጠፋ፤ ስለዚህ የቆዩት ካሴቶች ምን እንደያዙ የሚነግረን በላያቸው የተለጠፈው መለያ ብቻ ሆነ።

በዚያ ዓመት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቡሹሎ የጀመርኳትን ቤት ጣሪያ ላስመታ ሄድኩ። ስመለስ ቢሮዬ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ቁም ሣጥኑ እንኳን ተስተካክሎ ጠበቀኝ። ደስ አለኝ። ልቤ ጥቂት ጠርጠር ቢያደርግ ደግ ነበር።

ወይዘሮ ሙኒራን የማውቃት ከመናኸሪያ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፣ የልጆቼን የደንብ ልብስ ጨርቅ ከእሷ ነበር የምገዛው። ፈቃዴን ጨርሼ በተመለስኩ ሰሞን ዶክተር አብነት ይዟት ቢሮዬ ገባ። ሳል ሰንብቶባት ተመርምራ ሳንባዋ ላይ ትንሽ ነጥብ ታይቷል።

«ነጥቧ አዲስ ከሆነች አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ሕክምና ማስወጣትና ማስመርመር አለብዎት» አላት ዶክተሩ። «ከድሮ ጀምሮ የነበረችና ያላደገች ከሆነች ግን አልነካትም።»

«እኔ እኮ እዚሁ ፊልም ተነስቼ ነበር፤ ባጃጅ የተገለበጠብኝ ጊዜ» አለች።

«ፊልሙስ?»

«ጣሪያው አፍስሶበት እርስ በርሱ ተጣበቀ፤ ጣልነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እህቴን ለዚሁ ቀዶ ሕክምና ወስደናት አልተመለሰችም። እርስዎ ጋ ካለ ይፈልጉልኝ።»

መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። አረፋ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዓመቱም 2010 አለችኝ። እኔ ደግሞ የነሐሴን ካሴት ዓይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ። «አንድ አፍታ» ብያት ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። የ2010 መደርደሪያ ባዶውን ነበር።

ሰላማዊት ጋ ስሄድ ምሳዋን እየበላች ነበር። «የ2010 ካሴቶች የት ሄዱ?» አልኳት።

«ጊዜያቸው ስላለፈ አወጣኋቸው፤ ከቆዩት ጀምሬ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ተደምስሶ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል ይላል መመሪያችን። ግዥ ክፍሉ አዲስ ካሴት እምቢ አለኝ፣ እና...»

«ኧረ ሰባት ዓመት መች ሞላቸው?»

«ከ2010 እስከ አሁን አሥራ አራት...» ብላ ጀመረችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የእኛ አቆጣጠር ነው እንዴ?»

«በፈረንጆቹ 2010 ይኼ ሆስፒታል የሰው ጓሮ ነበር» አልኳት።

ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ነገር ግን በማን ላይ ልቆጣ? ሁላችንም መለያው ላይ «12/2010» ብለን ብቻ ነበር የምንጽፈው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ስለምንቀዳ 13 የሚል ቁጥር የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ ሰላማዊት በዚያ ትነቃ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በፈረንጅ ይቆጥራሉ፤ እሷም ከእነሱ ጋር ነው የኖረችው።

«ተጻፈባቸው?» አልኳት።

«አልተጻፈባቸውም። ድራይቩ አልቀበልም አለኝ። ተበላሽተዋል ብዬ እንዲወገዱ ለአቶ ዳንጊሶ ላክኋቸው።»

በካሴቱ ጥግ ላይ በጥፍር የምትገፋ ትንሽ መዝጊያ አለች። እሷ ከተዘጋች ማሽኑ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ወሩ ተቀድቶ ሲያልቅ መዝጊያዋን መግፋት የክፍላችን ልማድ ነበር። ካሴቶቹ ደህና ነበሩ፤ የተላኩት ግን ሊቃጠሉ ነበር።

አቶ ዳንጊሶ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳን ጫማውን አስሮ የሚወጣ ሰው። እየሮጥን ስንደርስ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«የካሴቱ ካርቶን ተቃጠለ?» አልኩት።

«ኮሚቴው ሳይወስን ምን ይቃጠላል?»

«ኮሚቴው አልተሰበሰበም?»

«መች ተሰበሰበ ብለህ ነው! ሰብሳቢው ሲመጣ ጸሐፊው ፈቃድ ላይ፤ ጸሐፊው ሲመጣ ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ።»

ያንን የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ አንድ የተሰበረ ወንበር አላነሳልኝም ብዬ ስረግመው የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ዕድሜ ለስንፍናቸው አልኩ። ካርቶኑ ከአሮጌ ፍራሾች ሥር ተገኘ። አቶ ዳንጊሶ ያለ ፊርማ አልለቅም አለ፤ ሰላማዊት ሳታነበው ፈረመች።

መጋዘኑ ቆርቆሮ ስለሆነ ካሴቶቹ ግለው ነበር። የጋለ ካሴት ወዲያው ድራይቭ ውስጥ አይገባም፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማደር አለበት። ይህን ለወይዘሮ ሙኒራ ስነግራት «እስካሁን ጠብቄ የለ፣ አንድ ሌሊት ምን አለው» አለች። እሷ ተኝታ ያደረች ይመስለኛል። እኔ ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ድራይቩን በማጽጃው ካሴት አጸዳሁና የነሐሴውን አስገባሁ። መጀመሪያ ቀይ መብራት በራ። ሰላማዊት እጄን ያዘችኝ። አውጥቼ እንደገና ሳስገባው አረንጓዴው በራና ሪባኑ መዞር ጀመረ። የካርድ ቁጥሯን ጻፍን፤ ምስሉ ወጣ።

ዶክተር አብነት የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጎ ለካ። ደግሞ ለካ። ወይዘሮ ሙኒራ ከኋላው ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ታጠነጥናለች። እኔ ስክሪኑን ማየት አቅቶኝ የዶክተሩን ጆሮ ነበር የማየው።

«ያችው ናት» አለ በመጨረሻ። «ቅንጣት አላደገችም።»

«ምን ማለት ነው?» አለች።

«ቀዶ ሕክምና የለም ማለት ነው። የሳል መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ፤ ወደ ሱቅዎ ይሂዱ።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እስቲ አሳዩኝ» አለችና ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ብዙ አየቻት። «ይቺን ይዤ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ጣቃ ስሸከም የኖርኩት?» አለች። ከዚያ ወደ እኔና ወደ ሰላማዊት ዞራ «አላህ ይስጥልኝ» አለችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እፎይታ እንደዚህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

የዚያን ሳምንት እኔና ሰላማዊት ያለውን ካሴት ሁሉ አውጥተን መለያውን እንደገና ጻፍን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ጡረታ ስወጣ ያስረከብኳት እነዚያን ካሴቶች ነው።

ሥራውን ለምትረከቡ የምለው ይኸው ነው፦ መለያውን የሚያነበው እናንተ ፈቃድ ላይ ስትሆኑ የሚተካችሁ ሰው ነው። ዓመት ስትጽፉ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።