ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነበር

ከባድ መኪና ጠዋት ሲነሳ የሚለቀው የናፍጣ ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል፤ እኔን ግን ያስቆመኛል። ባለፈው ካዛንቺስ አንድ የሚቆፈር ቦታ አጠገብ ቆሜ ሽታውን ስስብ ዘበኛው "እህቴ፣ ሰው ፈልገሽ ነው?" አለኝ። አዎ ልለው ምንም አልቀረኝም።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ነዳ። እኩዮቹ ጡረታ መውጣት በጀመሩበት ጊዜ እሱ የራሱን ሊገዛ ተነሳ። ካዛንቺስ ላይ ሕንጻ እንደ አሸን የሚፈላበት ዘመን ነበር። አዲስ መኪና የማይታሰብ ስለሆነ፣ ያገለገለ ግን ተሳቢ የሚጎትት፣ በመኸር እህል በሌላው ጊዜ ሲሚንቶና ፌሮ የሚጭን ፈለገ። እናቴ "ግዛና ሹፌር ቅጠር" ብትለው "ሌላ ሰው ሊነዳልኝ ነው እንዴ የምገዛው?" ብሎ አኮረፈ። ሀብታም ልሁን አላለም፤ ከመሞቱ በፊት የራሱን መሪ መጨበጥ ነበር የፈለገው።

የግራ ጉልበቱ ግን እየከዳው ነበር። የቤታችንን ደረጃ ሲወጣ ግድግዳውን ይደገፍና፣ ልስኑ መሰንጠቁን የሚመረምር ይመስል በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። እኛም ግድግዳውን አብረን እናያለን።

እናቴ አብሬው እንድዞር እኔን ላከች። ያኔ ባምቢስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስለ መኪና የማውቀው ታክሲ ተጋፍቶ መሳፈር ብቻ ነው። "አንቺ ብቻ እዪልኝ" አለችኝ። "ልብ ካላየ ዓይን አያይም። የሱ ልብ ደግሞ መኪና ሲያይ ይታወራል።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ ደላላ ጋር ላንቻ አካባቢ ያሉትን ጋራዦች እንዞር ነበር። ደላላው ምላሱ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። ለሱ መጥፎ መኪና የሚባል ነገር አልተፈጠረም። "ጋሼ፣ ይቺን ይመልከቷት! በቃ፣ ሙሽራ ናት!" ይላል። አባቴ ሙሽራዋን ሰላም ሳይል መዳፉን ሞተሩ ላይ ያደርጋል። ሞቅ ካለው "ከመምጣቴ በፊት ለምን አሞቃችኋት? በብርድ አልነሳም ብላ ነው" ይልና ጀርባውን ይሰጣል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጭነቱን ሁሉ ወደሚሸከመው ብረት፣ ወደ ሻንሲው ይሄዳል። በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል፤ ተሰብሮ የተበየደ ብረት ድምፁ ይታፈናል ይለኝ ነበር። ከዚያ ከኮቱ ኪስ አንድ እፍኝ ስንዴ ያወጣና ተሳቢው ወለል ላይ በትኖ በጫማው ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። የሚያፈስ ወለል የገበሬን እህል መንገድ ላይ ዘርቶ ይገባል። "እስቲ ከሥር እዪልኝ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል" ይለኛል። ዓይኑ ከኔ የተሻለ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም የቢሮ ቀሚሴን ሰብስቤ ከመኪናው ሥር እገባለሁ። ግሪስ ያልነካው ቀሚስ አልተረፈኝም።

እንዲህ እያለ ስንቱን ጣለ። ስነጫነጭበት "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" እያለ ይስቅብኛል።

በመጨረሻ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ የምትሸጣት ሰማያዊ ጋቢና ያላት መኪና ተገኘች። በብርድ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ሻንሲዋ እንደ ደወል ጠራ። ከሥር ገብቼ ባይ አንድ ፍሬ ስንዴ የለም። ብቅ ስል የአባቴን ፊት አየሁት፤ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። የእናቴን አደራ ረስቼ እኔም ወደድኳት።

የቀረው የዳገት ፈተና ነበር። ዳገት መሐል ያቆማታል፣ ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ያስነሳታል። በሥራ ቀን ከባድ መኪና መሐል ከተማ ስለማይገባ እሑድ ማለዳ ተቀጣጠርን። አባቴ ከመሪው፣ ደላላው መሐል፣ እኔ በሩ ጋ። ሴትዮዋም "እኔም ልምጣ" ብላ ከኋላችን ካለችው የሹፌር መኝታ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገብታባት አታውቅም ነበር።

ኦሎምፒያን አልፈን ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን ዳገት እስክንጀምር ድረስ ደላላው "ፍሪሲዮኑ ቅቤ ነው፣ ማለቴ ሕፃን ልጅ ይረግጠዋል!" ሲል ሴትዮዋ "እውነት ነው፣ ባለቤቴ እግሬ አይደክምም ይል ነበር" ትላለች። አባቴ ዳገቱ መሐል አቆመ። ፍሪሲዮኑን በግራ እግሩ ረግጦ ማርሽ አስገባ።

እግሩ ተንቀጠቀጠ። ከሱሪው ላይ ይታያል። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ከኋላችን ያለ ሚኒባስ ጥሩንባውን አንባረቀው። አባቴ ፍሬን ያዘ። እንደገና ሞከረ፤ ጉልበቱ ከዳውና ሞተሩ ጠፋ። ግንባሩ ላብ አወጣ። ሦስታችንም ያንን እግር እያየን ነበር። ወይኔ፣ አሁን አንዱ ሊናገር ነው አልኩ በልቤ።

ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ ነው" አለ። "እንዲህ የሚደነድን ፍሪሲዮን እኔም አላየሁ።"

ያ አንድ ቀን እንኳን እውነት ይዞ ያልመጣ ሰው የራሱን ገበያ በራሱ አፍ ዘጋው። ሴትዮዋም ከኋላ ቀጠለች፣ "ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴም እንዲሁ ይማረርበት ነበር።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ የላከችኝ ለዚህ ቀን ነበር።

"ልክ ነው አባዬ" አልኩ። "ከቅድም ጀምሮ ደስ አላለኝም።"

"ብያለሁ እኮ" አለ። ቀስ ብሎ ወርዶ ቦታውን ለደላላው ለቀቀ። ደላላው እያንዳንዱን ማርሽ ሲለውጥ ከንፈሩን እየነከሰ፣ "ኧረ ይሄ ነገር!" እያለ፣ ከቅቤው ፍሪሲዮን ጋር ትግል እየገጠመ መለሰን። አስቆኝ ሊገድለኝ ነበር፤ ወደ መስኮቱ ዞሬ ያበስኩት ግን እንባዬን ነው። ላንቻ ስንደርስ ሴትዮዋ አባቴን ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም "ምን ታደርጊ እህቴ፣ ብረት ነው" ብሎ አጽናናት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና እንይ አላለም። ለመኪናው በያዘው ብር ግቢያችን ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች ሠራ። እናቴ አንድ ቃል አልጠየቀችንም።

በዓመቱ ገደማ አንድ እሑድ ጠዋት አባቴና እኔ ካዛንቺስ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ያቺው መኪና ፌሮ ጭና መጣች። የሚነዳት ልጅ እግር ነው፣ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል። ሰው ሊያሻግር ዳገቱ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ክንዱን እንኳን ሳይሰበስብ አስነሳት። ንቅንቅ አላለችም። አባቴ ከታጠፈች በኋላም ወደዚያው እያየ ቆየ።

"ፍሪሲዮኑን አሠርተውታል" አለ።

"አሠርተውታል አባዬ" አልኩት።

ከዚያ ሳያየኝ እጁን ዘረጋና ክንዴን ያዘ፤ ግድግዳ ሳይፈልግ እኔን ተደግፎ ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን።