ጋሽ ገሰሰ ከጮኹ ደህና ነው

ገርጂ ያለው የሕፃናት ሆስፒታላችን ጥበቃ ጋሽ ገሰሰ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ችግሩም ይኸው ነበር።

ልጅ የተኛበት ክፍል የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው ቤተሰብ በር ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። እኛ ነርሶቹ ወሬውን ለጋሽ ገሰሰ እንነግራቸዋለን፤ እሳቸው ያደርሳሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ደስ ስለሚላቸው ነው። ታዲያ የምሥራች ሲይዙ ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ የኔ እመቤት" ይላሉ። ሲብስባቸው ውሃ ያቀርባሉ። እዚህ አገር ሰው ቁጭ በል ተብሎ ውሃ የሚሰጠው መቼ እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?

አንድ ቀን ፈቲያ የምትባል እናት ሽምብራ ትን ያለውን ልጇን ሐሩንን ይዛ እየበረረች መጣች። ባሏ ከልጁ ጋር ገባ፤ እሷ ጡት የሚጠባውን ታናሹን ታቅፋ ውጭ ቀረች። ሽምብራው ወጣ፣ ልጁም ነቃ። ለጋሽ ገሰሰ ነገርኳቸው። እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

"የኔ ልጅ፣ ሁሉም በአላህ እጅ ነው። እስቲ ይቺን ውሃ ጎንጨት በይ። ልጅሽ..."

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ሰምቶ! ፈቲያ ጩኸቷን ለቀቀችው፣ እህቷ ተቀበለቻት፣ አንዱ ጎረቤት ስልክ መታ። እኔ ወጥቼ እስካስረዳ ድረስ የኮንዶሚኒየማቸው እድር ድንኳኑን መኪና ላይ ጭኗል። ሐሩን ደግሞ ውስጥ ብስኩት ካልተገዛልኝ እያለ አባቱን መከራ ያሳየዋል።

ኃላፊያችን ሲስተር ወርቄ ጋሽ ገሰሰን አስጠራቻቸው።

"ከዛሬ ጀምሮ ደህና ወሬ ሲይዙ ይቆጡ!"

"በተጨነቀ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል፣ ሲስተር?"

"ይጮኻል!"

መጀመሪያ ላይ ጮኸው ሲያበቁ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። በኋላ ግን ተካኑበት። "ምን ተጎልተሽ ታለቅሻለሽ? ልጅሽ ገንፎውን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፣ ነይና ጥረጊ!" ይላሉ። የተቆጧት እናት እልል ትላለች፤ ያልተቆጧቸው በቅናት ያዩዋታል።

ዘንድሮ ክረምት የጋሽ ገሰሰ የልጅ ልጅ ሀይሚ የሳንባ ምች ይዟት ገባች። ኦክስጅን ተደረገላት። ልጃቸው አብራት ገባች፤ እሳቸው እንደማንኛውም አያት በር ላይ ቀሩ። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ ያዞራሉ። በር ላይ ጥሩምባ የሚነፋውን ሹፌር እንኳ ዝም ይሉታል። እኔም ፈራሁላቸው፤ ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ትንፋሿም አያስተማምንም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ትኩሳቷ ለቀቃት፤ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ጀመረች። ሮጬ ወጣሁ። ስደርስ ግን ከሩጫው ትንፋሽ አጥሮኝ፣ "ጋሽ ገሰሰ..." ያልኩት በለሆሳስ ወጣ።

ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ማንም ሳይላቸው የአጥሩ ግንብ ላይ ቁጭ አሉ።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጮኽኩባቸው።

"እዚህ ምን ይጎለታሉ? የልጅ ልጅዎ ቱቦውን ከአፍንጫዋ ነቅላ ጥላ፣ አያቴን አምጡ እያለች ሆስፒታሉን በአንድ እግሩ አቁማዋለች! ምን ያለች ባለጌ ነው ያሳደጉት?"

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጋሽ ገሰሰ አልተነሱም። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ቀና ብለው አዩኝ።

"እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ" አሉ። "ጮክ ብለሽ።"