የቅምጥል ጥብጣቦች

እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቅጽል ስሟ ግን የመጣው ከሙያዋ ሳይሆን ከአፏ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ስትናገር የምትወጋ። ቀሚሷን ልታሳጥር የሄደች ሴት ስለ ውፍረቷም፣ ስለ ቀለም ምርጫዋም የማትፈልገውን ሰምታ ትመለሳለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀሚስ ይዛ ትሄዳለች፤ ምን ታድርግ፣ የእትዬ መርፌ እጅ ወርቅ ነው። እኔም ሱሪዬን ይዤ ሄጄ ወሬ ተሸክሜ የምመለስ ደንበኛዋ ነኝ። የድመቷን ነገር ከእሷም፣ ከባሏም፣ ከፀጉር አስተካካዩም አፍ ሰምቼዋለሁ። ሦስቱ እስካሁን ያልተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ድመቷ የማን ነበረች የሚለው ነው።

ድመቷን ቅምጥልን ወደ ቤት ያመጣቻት ልጃቸው ናት፤ ገና ተማሪ ሳለች በቦርሳዋ ደብቃ። ልጅቷ አግብታ ስትወጣ ድመቷ ቀረች። ቀን ቀን የስፌት መኪናው ሥር ባለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ ትተኛለች። መኪናው ከላይዋ ሲንደቀደቅ እንኳ ጆሮዋን አታነሳም። ባልየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ለእኔ ‹ብላ!› ትለኛለች፤ ለሷ ‹ብዪልኝ እናቴ› ትላታለች» ይል ነበር፣ የሚቀልድ መስሎ።

እትዬ መርፌ በድመቷ ትቀናለች። ደንበኛ ቅምጥልን ሲያቅፍ ካየች «ተዋት፣ ልብስህ ፀጉር ይይዛል» ትላለች፤ የልብሱ ፀጉር ግን መቼም አስጨንቋት አያውቅም። ከደንበኞቿ ምርጥ ጨርቅ እየቆረጠች የአንገት ጥብጣብ ትሰፋላት ነበር። ቅምጥል ግን አምራ ወጥታ አንገቷን ባዶ አድርጋ ትመለሳለች። «አጥር ላይ ተጠልፎባት ይሆናል» ይላል ባሏ። ሌላ ትሰፋለች። እሱም ይጠፋል። ጥብጣቡስ ይሁን፤ አንድ ቀን ድመቷን አንስታ ስትስማት የወንድ ሽቶ ሸተተቻት!

«ይሄ ሽቶ ያንተ ነው?»

«እኔ ሽቶ ስቀባ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያው ሌላ ቤት አላት ማለት ነው» አለችና ቁጭ አለች። «አንተ በሴት ሽቶ ብትመጣ እንዲህ አልቃጠልም ነበር።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አለ ባል።

ያ የማይታወቅ ሰው እንቅልፍ ነሳት። ይህን እየተብሰለሰለች ሳለ ነው ድመቷ የታመመችው። የእንስሳት ሐኪሙ ኩላሊቷ መድከሙን ነገራቸው፤ ምግቧን ለዩላት፣ ውሃ አታሳጧት፣ ከዚህ በላይ ብዙ የሚደረግ የለም አለ። እትዬ መርፌ ምግቡን በጣቷ እያጠቀሰች ብትለምናት ቅምጥል ፊቷን አዞረች። ከዚያ አንድ ጠዋት ከቅርጫቱ ጠፋች።

ሴትዮዋ ሥራዋን ጥላ ግቢ ለግቢ ስትጣራ ዋለች። ባሏ በኋላ መንገድ ዞሮ ሱቅ በሱቅ ይጠይቅ ጀመር። ቤታቸው ከጀርባ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ጋር በአንድ ግንብ ይገናኛል፤ በሮቻቸው ግን ወደተለያየ መንገድ ስለሚወጡ ተያይተው እንኳ አያውቁም ነበር። ሹፌሩ ደክሞት ወንበሩ ላይ ዘፍ ሲል ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ የመጣለት መስሎት ፊቱን ሳሙና ይቀባው ጀመር። ሹፌሩ አፉን ለመጠየቅ ሲከፍት በመስታወቱ ውስጥ ከኋላው አያት። በፎጣ ተጠቅልላ ትራስ ላይ ተኝታለች።

ግማሽ ፊቱ ሳሙና፣ ግማሹ ጢም፣ እንደዚያው ሮጠ። እትዬ መርፌ እሱን ተከትላ ስትደርስ ፀጉር አስተካካዩ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ድመቷ ጭኑ ላይ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ስጠኝ!»

«እትዬ…» አለ ሰውዬው። «አሁን ገና አረፈ።»

«ማነው ያረፈው?»

«ሻለቃ።»

«የምን ሻለቃ? ይህቺ እኮ ሴት ናት!»

«ጢሙን አይቼ…»

«ጢም ያለው ሁሉ ወንድ ነው? አማቴን አታውቃትማ!»

«እናቴን ተያት» አለ ባሏ ከነሳሙናው።

ማንም አልሳቀም። እትዬ መርፌ ተንበረከከች። ድመቷ ገና ሙቀቷ አልወጣም። መጀመሪያ የጠየቀችው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ «በላች?»

«ጠዋት ትንሽ ሾርባ ላሰ።»

«ላሰች በል! ለእኔ አፏን ዘግታ…» ፎጣውን ገፋ አድርጋ በራሷ ሻርፕ ልትጠቀልላት ስትል አንገቷን አየች። «ትናንት ያሰርኩላት ቢጫ ጥብጣብ የታለ?»

ፀጉር አስተካካዩ ተነስቶ መሳቢያ ከፈተ። ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ ጥብጣቦቹ ሁሉ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፤ አበባማው፣ ቀዩ፣ ከሙሽራ ቀሚስ የተቆረጠው ሐር፣ ቢጫው።

«አንተ ነህ የምትፈታው?»

«አንገቱ ላይ የሰው እጅ ሥራ ሳይ ደስ አይለኝም ነበር። የእኔ ብቻ እንዲመስለኝ ፈታሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጣልከውም?»

ሰውዬው አቀረቀረ። «ስፌቱ ያምራል።»

እትዬ መርፌ ለስድብ የከፈተችውን አፍ ዘጋች።

«እኔም ብሆን ተቃጥያለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ይበላል፣ ወንበሬ ላይ ይንጠራራል፤ ከግንቡ ወዲያ ያ የስፌት መኪና መንደቅደቅ ሲጀምር ግን ጆሮውን አቁሞ ጥሎኝ ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ እኔ ጋ አላደረም። ያንን መኪና ስንቴ ረገምኩት! ዛሬም ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ነበር። መኪናው ግን ዝም አለ።»

መኪናው ዝም ያለው እትዬ መርፌ ቅምጥልን ፍለጋ ስለወጣች ነው። ሹፌሩ እንደነገረኝ፣ ሚስቱ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር።

ቅምጥልን ግንቡ ሥር፣ በእነ እትዬ መርፌ ግቢ ቀበሯት። ፀጉር አስተካካዩም አካፋ ይዞ መጣ። «ደህና ሁን ሻለቃ» ሲል እትዬ መርፌ «ሁኚ በል» ልትለው ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ተወችው።

ባለፈው ሱሪዬን ስትለካ እኔው ነገሩን አነሳሁባት።

«ጥብጣቦቹስ?»

«ወሰድኳቸው! የሰፋኋቸው እኔ አይደለሁ?» መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች። «አንዱን ተውኩለት። ያንን መጀመሪያ የሰፋሁትን፣ ጠርዙ የተጣመመውን።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ምን ደግነት አለው፣ ሰውዬው መስታወቱ ላይ ሰቀለው! የሚላጨው ሁሉ ‹የማን ስፌት ነው?› ሲለው ‹የእትዬ መርፌ› ይላላ። በዚያ በተጣመመ ጠርዝ!»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

መኪናዋን አስነሳች። ከመንደቅደቁ ጋር ዓይኗ ወደ ባዶው ቅርጫት ወረደና ተመለሰ።

«ቢጫውን ወስጄ ለወጥኩለት» አለች። «ለሱ ብዬ እንዳይመስልህ ደግሞ።»